ከቤት ሆኖ በግርጌ ጽሑፍ ሥራ መተዳደር፦ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ክፍያ

አንዲት እናት ቡና እየቀዳች ነው። እጇ በድንገት ይቆማል፣ ጀበናው ወድቆ ይሰበራል፣ እርሷም ነጠላዋን አንስታ ወደ ውጭ ትሮጣለች። መስማት የሚችል ተመልካች ምክንያቱን ወዲያውኑ ያውቃል፤ ከጎረቤት የለቅሶ ጩኸት ሰምቷል። መስማት የተሳነው ተመልካች ግን ያየው የተሰበረ ጀበና ብቻ ነው። በማያ ገጹ ግርጌ [ከጎረቤት የለቅሶ ጩኸት] የሚሉ ሦስት ቃላት ቢጻፉለት ኖሮ ከሌላው ሰው እኩል ይደነግጥ ነበር።

ይህ መመሪያ እነዚያን ሦስት ቃላት መጻፍን ከቤት የሚሠራ ሙያ ለማድረግ ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በሙያው ያለን ሰዎች ሥራውን ‹ሰብታይትል› እንለዋለን፤ እኔ እዚህ ‹የግርጌ ጽሑፍ› እለዋለሁ። በአንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ጽሑፍ ደግሞ ‹ቁራጭ› እያልሁ እጠራዋለሁ። ኮምፒውተር፣ የጆሮ ማዳመጫ እና ትዕግሥት ካለዎት መጀመር ይችላሉ። ብዙ ሰው ግን ሥራውን የጽሕፈት ፍጥነት ብቻ አድርጎ ስለሚያስበው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል። ከፍጥነት ይልቅ የሚፈለገው የተመልካቹን ዓይን ማክበር ነው፤ ምን ያህል ማንበብ እንደሚችል፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት፣ የትኛው ቃል ቢቀር እንደማይጎዳ ማወቅ።

በቅድሚያ የሥራውን ዓይነት ይምረጡ

ሥራው ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው በአማርኛ የተነገረውን በአማርኛ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ትርጉም ነው። ሦስተኛው በቀጥታ ስርጭት ላይ ንግግሩን እየተከተሉ መጻፍ ሲሆን፣ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። በአሜሪካ የቀጥታ ጸሐፊዎች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ 22 ቁልፎች ያሉት ስቴኖ የሚባል መሣሪያ ነው፤ ብዙ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ በመጫን አንድን ቃል ወይም ሐረግ ያወጣሉ። ሌሎች የሚሰሙትን በራሳቸው ድምፅ እየደገሙ ለኮምፒውተር ይነግራሉ። የስቴኖ ባለሙያዎች የተለመደው ፈተና በደቂቃ እስከ 225 ቃላት ይደርሳል፤ ለዚያ የሚያበቃው የዓመታት ልምምድ ነው። አሜሪካ የሚኖሩና እንግሊዝኛቸው እንደ አፍ መፍቻ የሆነላቸው አንባቢዎች ሊያስቡበት ይችላሉ። ሌሎቻችን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀምር።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በአማርኛ ይጀምሩ። ብዙ ጀማሪ በቀጥታ ወደ ውጭ ድረ ገጾች ሮጦ የእንግሊዝኛ ንግግር ለመጻፍ ይፈተናል፤ እዚያ የሚወዳደረው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ ብዙ ሺህ ሰዎች ጋር ነው። በአንጻሩ የሚወዱትን የአማርኛ ቻናል ዩቲዩብ ላይ ይክፈቱና የግርጌ ጽሑፍ ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ የተሠራ ነገር አያገኙም። ያ ባዶ ቦታ የእርስዎ የሥራ መስክ ነው።

በሌላ አገር ይህ ቦታ የተሞላው በሕግና በጥያቄ ነው። በአሜሪካ ተመልካቹ ሲፈልግ የሚያበራው የግርጌ ጽሑፍ በቴሌቪዥን መደበኛ ስርጭት የጀመረው መጋቢት 1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። በ1990 የወጣ ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 1993 ጀምሮ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ አዲስ ቴሌቪዥን ሁሉ ጽሑፉን ማሳየት እንዲችል አስገደደ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችና ፊልሞች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ በሆነ መልክ እንዲቀርቡ ይጠይቃል። ደንበኛ ሲያነጋግሩ ይህን አንቀጽ ቢያስታውሱት ሥራዎ የበጎ ፈቃድ ልመና እንዳልሆነ ይረዳዎታል።

ደረጃ 1፦ መሣሪያ

ውድ ነገር አይግዙ። መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃል። ገንዘብ ካለዎት ግን ጆሮን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ማዳመጫ ላይ ያውሉት፤ በአማርኛ ‹ሄደ› እና ‹ሄደች› የሚለዩት በአንዲት የመጨረሻ ድምፅ ነው፣ ያቺም ጫጫታ ውስጥ ቶሎ ትጠፋለች።

ለዊንዶውስ ሰብታይትል ኤዲት የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከሁሉ ይሻላል። የድምፁን ሞገድ በስዕል ስለሚያሳይ ተናጋሪው የት ጀምሮ የት እንዳቆመ በዓይንዎ ያያሉ። ማክ ለሚጠቀሙ ኤጂሰብ አለ፣ እርሱም ነጻ ነው። አማራ የሚባለው መገልገያ በኢንተርኔት መቃኛ ላይ ስለሚሠራ ምንም መጫን አይፈልግም፤ ነገር ግን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቤት የምንሠራ ሰዎች ፕሮግራሙንም ቪዲዮውንም ኮምፒውተራችን ላይ ማስቀመጥ አለብን። ደንበኛውን ሙሉ ጥራት ያለውን ፋይል ሳይሆን አነስተኛ ቅጂ ይጠይቁት። ለመስማትና አፍን ለማየት ያ በቂ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለማውረድም አይከብድም።

ለፊደሉ ጉዳይ ጠንቀቅ ይበሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት ሥርዓት ውስጥ) የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ስለዚህ በዩኒኮድ የሚጽፍ የቁልፍ ሰሌዳ ይጠቀሙ። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ሰሌዳ አለው፤ ኪማንም በነጻ ይገኛል። ለመልኩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የፊደል ቅርጽ በትንሽ ስልክ ላይ እንኳ በደንብ ይነበባል።

ደረጃ 2፦ ፋይሉን ከውስጥ ይወቁት

በብዛት የሚጠየቀው ፋይል ኤስአርቲ ይባላል። ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት፣ ጽሑፉ፣ ከዚያ ባዶ መስመር። እንዲህ፦

1
00:00:12,400 --> 00:00:15,800
እንደማስበው፣ የውሃው ጉዳይ
ቶሎ መፍትሔ ያስፈልገዋል።

ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሦስት አሃዞች የሰከንድ ሺኛ ክፍሎች ናቸው። በዚህ መልክ ከአንድ ቁራጭ ወደ ሌላው ይቀጥላል።

ፋይሉ ሲቀመጥ ‹ዩቲኤፍ-8› በተባለው የፊደል አሠራር መሆን አለበት። ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ክፍያ ባገኘሁበት ሥራ ነው። የ18 ደቂቃ የጤና ሥልጠና ቪዲዮ ነበር። ማታ ጨርሼ በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፈትሁት፣ አንዲት ቃል አርሜ ዩቲኤፍ-8 ባልሆነ የቀድሞ አሠራር አስቀመጥሁት፣ ላክሁት። ጠዋት ደንበኛው ደውሎ «ፋይሉ ሙሉ የጥያቄ ምልክት ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጧል፣ ዋናው ቅጂም በላዩ ተጽፎበት ጠፍቷል። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ አዲስ ጻፍሁት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሥራ ቀንና ቁጥር በተጻፈበት ስም አስቀምጣለሁ፣ አንድ ቅጂም ፍላሽ ላይ አኖራለሁ። ከመላኬ በፊት ደግሞ ፋይሉን በቪኤልሲ ማጫወቻ ከፍቼ አያለሁ። ለቪዲዮውና ለጽሑፉ አንድ ስም ከሰጧቸው ቪኤልሲ በራሱ ያገናኛቸዋል።

ደረጃ 3፦ መጻፍና መቁረጥ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ የሙያው ልብ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይጽፉ ያዳምጡ። ተናጋሪው ፈጣን ነው? የየት አካባቢ አነጋገር አለው? ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ኮምፒውተር ይጻፍልኝ የሚሉ ይኖራሉ። ዊስፐርን የመሳሰሉ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አማርኛንም ይሞክራሉ፤ ለእንግሊዝኛ ብዙ ድካም ያቀልላሉ። በአማርኛ ግን ያልተባለ ነገር ሲጽፉና ስሞችን ሲያበላሹ አይቻለሁ፤ ያንን ከማረም ከባዶ መጻፍ ለእኔ ይፈጥናል። ከተጠቀሙም እያንዳንዱን ቃል በጆሮዎ ያረጋግጡ።

የተነገረው ሁሉ ግን አይጻፍም። ሰው ሲናገር እንዲህ ይላል፦ «እንግዲህ ምንድን ነው፣ እኔ እንደማስበው ከሆነ፣ ይህ ነገር፣ ይህ የውሃው ነገር ማለቴ ነው፣ ቶሎ መፍትሔ ያስፈልገዋል።» ይህ እንዳለ ቢጻፍ ተመልካቹ ሲያነብ የተናጋሪው ፊት ያመልጠዋል። ከላይ በምሳሌው ያስቀመጥሁት የተቆረጠው ነው። ‹እንደማስበው› የሚለው ግን እንዲቆይ አድርጌአለሁ፤ እርሱ ከወጣ የሰውዬው አስተያየት የተረጋገጠ ዜና ይመስላል። የሚቆረጠው ድግግሞሽና መንደርደሪያ ነው። ጥርጣሬን፣ አክብሮትን፣ ቁጣን የሚያሳይ ቃል ይቆያል። በፍርድ ቤት ቃል፣ በምስክርነትና በፖለቲካ ንግግር ላይ ደግሞ እጅዎን ይሰብስቡ፤ እዚያ እያንዳንዱ ቃል ባለቤት አለው።

የውጭ መመሪያዎች በአንድ መስመር 42 ፊደል፣ በአንድ ቁራጭ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በሰከንድ ከ17 እስከ 20 ፊደል ይላሉ። ይህ ለላቲን ፊደል የተሠራ ልክ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል፤ ‹አላስገባኋቸውም› የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ቃላትን ሳይሆን ፊደላትን ይቁጠሩ፣ ልኩንም ዝቅ ያድርጉ። እኔ የምሠራበት ልክ በመስመር እስከ 28 ፊደል፣ በሰከንድ ወደ 10 ፊደል ነው፣ ክፍተቱን ጨምሮ። «ነገ ጠዋት ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ» 19 ነው፤ ስለዚህ ወደ ሁለት ሰከንድ ያህል መቆየት አለበት። ልኩን በሰብታይትል ኤዲት ማስተካከያ ውስጥ ካስገቡት ያለፈውን ቁራጭ በቀለም ያስጠነቅቅዎታል።

መስመር ሲከፍሉ የሚጣበቁ ቃላትን አይለያዩ። ‹የኢትዮጵያ› ላይ ቆርጦ ‹ቡና› የሚለውን ወደ ታች ማውረድ፣ ‹ሄዶ› ላይ አቁሞ ‹ነበር› ብሎ አዲስ መስመር መጀመር ዓይንን ያደናቅፋል። ዘርፍና ባለቤቱ፣ ግሥና ረዳት ግሡ አብረው ይቆዩ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቁራጭ ከተናገሩ እያንዳንዱን በሰረዝ ይጀምሩ።

የፊደል አጻጻፍም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ስለሆኑ አንዱን ስም በሦስት መልክ መጻፍ ቀላል ነው። የትኛው ትክክል ነው ብሎ ከመከራከር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻ መያዝ ይሻላል። ለዚህ የቃል ዝርዝር ያዘጋጁ፦ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የሙያ ቃል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም ‹ዋና›፣ ‹ገና›፣ ‹ሰፊ› የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ሲቆሙ ሁለት ነገር ይላሉ። ‹ሰፊ ነው› የሚል ቁራጭ ልብስ ሰፊ ይሁን ወርደ ሰፊ አይለይም። የሚሰማው ሰው አይቸገርም፣ የሚያነበው ግን ይሳሳታል። እንዲህ ሲገጥምዎት ቀደም ካለው ቁራጭ ጋር ያያይዙት።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ማስማማት

ጽሑፉ ተናጋሪው አፉን ሲከፍት ይግባ። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ቁራጭ ብልጭታ ይሆናል፤ ከሰባት ሰከንድ በላይ የቆየውን ደግሞ ሰው መልሶ ያነበዋል። ትዕይንቱ ሲቀየር ጽሑፉም ቢለወጥ ጥሩ ነው።

አንድ ችግር ብዙ ጀማሪ ያስለቅሳል፦ መጀመሪያ ላይ በትክክል የገጠመው ጽሑፍ ቀስ በቀስ ይዘገያል ወይም ይቀድማል። ይህ የእርስዎ ስሕተት ላይሆን ይችላል። እርስዎ የሠሩበት ቅጂ በሰከንድ 23.976 ምስል፣ የደንበኛው ደግሞ 25 ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ፕሮግራሙ በአንድ ትእዛዝ ይለውጠዋል። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት ነው።

ደረጃ 5፦ ድምፅን መጻፍ

ወደ ጀበናው እንመለስ። በቅንፍ የሚጻፈው ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ድምፅ ነው፦ [በር ተንኳኳ]፣ [እልልታ]፣ [ስልክ ይጮኻል]። ተናጋሪው በምስሉ ካልታየ ስሙን ያስቀድሙ። [ሙዚቃ] ብሎ መተው ለአንባቢ ምንም አይነግረውም፤ [የሐዘን ዋሽንት] ወይም [የሠርግ ዘፈን ከሩቅ] ቢባል ስሜቱ ይደርሰዋል። ሰው ቋንቋ ሲቀይር [በኦሮምኛ] ብለው ይጻፉ፣ ከቻሉም ትርጉሙን ያስከትሉ። የግዕዝ ዜማ ወይም የማያውቁት ቋንቋ ሲመጣ አይገምቱ፤ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ሳልና የወንበር ድምፅ ሁሉ ይጻፍ ማለቴ አይደለም። ሰላይ ተደብቆ ሳለ ካሳለ ግን ያ ሳል ታሪኩ ነው።

ደረጃ 6፦ ትርጉም ሲሆን

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎም ብዙ ነው። በውጭ ተወልደው አማርኛን እየሰሙ የማይከተሉ ልጆች ያሉባቸው ቤተሰቦች፣ የአምልኮ ስርጭቶች፣ ለለጋሾች የሚላኩ ዘጋቢ ፊልሞች ይፈልጉታል። በተቃራኒውም ሥራ አለ፤ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ጽሑፎቻቸውን በነዋሪው ቋንቋ እንዲያቀርቡ ያዛል፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ቪዲዮ የሚያዘጋጁ የትርጉም ድርጅቶች አማርኛ አዋቂ የሚፈልጉት ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ጊዜ ነው። ሽማግሌው «በ66 አብዮቱ ሲፈነዳ» ቢሉ በእንግሊዝኛው የሚጻፈው 1974 ነው። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ወደ አማርኛ ሲተረጉሙ ደግሞ እንግሊዝኛው የማይለየውን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ መለየት ግድ ነው። ሁለቱ ሰዎች ማን እንደሆኑ ሳያውቁ የመጀመሪያውን ቁራጭ አይተርጉሙ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣም አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ቁራጭ ሲከፈል የመጀመሪያው ያለ ግሥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ናሙና፣ ደንበኛ፣ ዋጋ

ሥራዎን ሲጨርሱ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከቱ። ያልገባዎት ቦታ ካለ ተመልካቹም አይገባውም። ከዚያ መስማት የተሳነው ሰው እንዲያይልዎ ይጠይቁ፣ ለጊዜውም ይክፈሉት። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከሰው ጋር ሊያገናኝዎ ይችላል። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ሲሆን አማርኛ ሁለተኛ ነው፤ የእኔን ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ያሳጠረልኝ እንዲህ ዓይነት አንድ አንባቢ ነው።

ሦስት የሁለት ሁለት ደቂቃ ናሙናዎች ይበቃሉ፦ ቃለ መጠይቅ፣ ድራማ፣ ሥልጠና። የሰው ቪዲዮ ሲጠቀሙ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። ልምድና ስም ለማግኘት ቴድ በተባለው የንግግር ቪዲዮዎች አቅራቢ ድርጅት በበጎ ፈቃድ ተርጓሚነት መሥራትም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላ ሰው ሥራዎን ገምግሞ ያርመዋል። ከዚያ የሥልጠና ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችን፣ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችን፣ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶችን በራሳቸው ቪዲዮ ላይ በተሠራ የአንድ ደቂቃ ናሙና ያነጋግሩ። የቻናል ባለቤት የይለፍ ቃሉን ሊሰጥዎ ቢፈልግ አይቀበሉ፤ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ለግርጌ ጽሑፍ አርታዒ ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ አለ። ለመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ‹ቀጣሪ› ወይም ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ‹ለፈተና› በነጻ የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ይተዉት።

ዋጋ የሚተመነው በቪዲዮው ደቂቃ ነው። በመጀመሪያ ራስዎን ይለኩ። ለምሳሌ አንዱ ደቂቃ ከነማረሙ 12 ደቂቃ የሚፈጅብዎ ከሆነ የ15 ደቂቃ ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ነው። በሰዓት 400 ብር ማግኘት ከፈለጉ ሥራው 1200 ብር፣ በደቂቃ 80 ብር ይሆናል። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፣ ስሌቱን ግን ይያዙ። ብዙ ሰው የሚናገርበት ውይይት፣ መጥፎ ድምፅ፣ ትርጉም፣ እንዲሁም ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አዋሕዶ ማውጣት ለየብቻ ይጨመርባቸዋል። ደንበኛው ውጭ አገር ከሆነ በውጭ ምንዛሬ ይዋዋሉ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተስማሙበት ብር ክፍያው በሚደርስበት ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስዎ ከመጀመርዎ በፊት ባንክዎን ይጠይቁ፣ ገቢው መደበኛ ሲሆንም ወደ ወረዳዎ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉ።

ስምምነቱን በአጭር ጽሑፍ ያስቀምጡ፦ የቪዲዮው ርዝመት፣ የፋይሉ ዓይነት፣ የማስረከቢያ ቀን፣ ስንት ጊዜ በነጻ እንደሚያርሙ (እኔ ሁለት ጊዜ እላለሁ)፣ ቅድሚያ ክፍያ። የደንበኛው ቪዲዮ ገና ያልወጣ ሥራ ሊሆን ስለሚችል ለማንም አያሳዩ፤ ሲያስረክቡ ቅጂውን ይሰርዙ። ከፋይሉ ጋር የቃል ዝርዝሩንም አያይዘው ይላኩ። በሚቀጥለው ክፍል የእንግዳው ስም በ‹ሐ› ይሁን በ‹ሀ› ብሎ ደንበኛው ሲጠራጠር ዝርዝሩን ከፍቶ ያያል፣ ከዚያም ሁለተኛውን ክፍል ለማን እንደሚልክ ያውቃል።